አቅኚውን አያት በመሬቱ መፈለግ፦ የጥንት አሜሪካ ሰፋሪን ሕይወት ደረጃ በደረጃ የማግኛ መንገድ

አባቴ ሰባት ቤት ሲቆጥር አይደናቀፍም። የባለቤቴ እናት ግን ከቅድመ አያቷ በላይ አንድም ስም አታውቅም ነበር። የምታውቀው "ከኬንታኪ ነው የመጣነው፤ የመጀመሪያው ሰውዬ ጫካ መንጥሮ ገባ" የሚለውን ወሬ ብቻ ነው። ልጆቼ የሁለቱም ናቸው። በአባቴ በኩል ያለውን የዘር ሐረግ በቃል ተቀበልኩላቸው። በሌላው በኩል ያለውን ግን ከወረቀት ማውጣት ነበረብኝ። ዓመታት ፈጀብኝ። ልጆቻችሁ ወይም የልጅ ልጆቻችሁ በአንድ ወገን የድሮ አሜሪካ ሰፋሪ ዘር ካላቸው፣ እኔ የሄድኩበትን መንገድ ላሳያችሁ።

አንድ ነገር መጀመሪያ ልበል። አባቴ ሰባት ቤት የሚያውቀው ለጋብቻ ብቻ ብሎ አይደለም። በጎጃምና በጎንደር ርስት ለመካፈል ሰው ዘሩን እስከ አቅኚው አባት ድረስ መቁጠር ነበረበት። በሚስትና በርስት ቀልድ የለም፤ ዘሩን የማይቆጥር መሬት አያገኝም። የአሜሪካው ሰፋሪም በዚህ ከእኛ ብዙ አይርቅም። ማስታወሻ አልያዘም፣ ብዙውም ስሙን እንኳ መጻፍ አይችልም ነበር። ስለ መሬት ግን ከፍሏል፣ ምሏል፣ ተካስሷል፣ ተናዟል። ስለዚህ ሰውየውን በስሙ እያሳደዳችሁ አትድከሙ። መሬቱን ተከተሉ፤ እሱ እዚያው አለ።

ለማሳያ የአብርሃም ሊንከንን ቤተሰብ እጠቀማለሁ። ፕሬዚዳንቱን ሳይሆን አያቱንና አባቱን። አያቱም ስሙ አብርሃም ነበር። ከቨርጂኒያ ወደ ኬንታኪ ተሻግሮ በ1786 በእርሻው ላይ ሳለ ከነባሩ ሕዝብ በመጡ ተዋጊዎች ተገደለ። አባትየው ቶማስ ኬንታኪ ውስጥ በመሬት ክርክር ተጎድቶ በ1816 ወደ ኢንዲያና ሄደ። ልጁ ታዋቂ ባይሆን ኖሮ እነዚህ ሰዎች ከሺዎቹ ሰፋሪዎች አይለዩም ነበር። (ዓመታቱ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ደረጃ 1፦ ከምታውቁት ተነሱ፣ እስከ 1850 ውጡ

ከአቅኚው አትጀምሩ። ከራሳችሁ ልጆች ጀምሩና አንድ ትውልድ አንድ ትውልድ ወደ ኋላ ሂዱ። የሽማግሌዎቹን አፍ አስከፍቱ። የቤተሰቡን መጽሐፍ ቅዱስ ጠይቁ። እኛ ዘንድ የልጅ ልደት በዳዊት ኅዳግ ላይ እንደሚጻፈው፣ እነሱም ልደትና ሞትን መጽሐፍ ቅዱሱ ውስጥ ባለ ባዶ ገጽ ላይ ይጽፉ ነበር።

ከዚያ የሕዝብ ቆጠራውን ያዙ። አሜሪካ ከ1790 ጀምሮ በየ10 ዓመቱ ትቆጥራለች። ወሳኙ ዓመት 1850 ነው። በቤት ውስጥ ያለ ነፃ ሰው ሁሉ በስሙ፣ በዕድሜውና በተወለደበት ግዛት የተጻፈው ያኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። የ1880ው ደግሞ የአባትና የእናት የትውልድ ግዛትን ይጨምራል። የ1890ው በ1921 ዋሽንግተን ውስጥ በተነሣ እሳት ምክንያት አብዛኛው ጠፍቷል፤ እዚያ ጋ የ20 ዓመት ክፍተት ይገጥማችኋል። እነዚህን መዝገቦች ፋሚሊሰርች በሚባለው ድረ ገጽ በነፃ ማየት ይቻላል። ባለቤቱ የሞርሞን ቤተ ክርስቲያን ናት፤ አባል መሆን አያስፈልግም።

አንድ ሰው በ1850 "ቨርጂኒያ ተወለደ"፣ በ1860 "ኬንታኪ ተወለደ" ተብሎ ቢመጣባችሁ አትደንግጡ። ሁለቱም ልክ ሊሆን ይችላል። ኬንታኪ እስከ ሰኔ 1 ቀን 1792 የቨርጂኒያ አካል ነበረችና።

ከ1840 ወደ ኋላ ያለው ቆጠራ የቤቱን ኃላፊ ስም ብቻ ይጽፋል። የቀረው ቁጥር ነው፤ በዚህ ዕድሜ ይህን ያህል ወንድ፣ ይህን ያህል ሴት። ቢሆንም አትናቁት። የየአሥር ዓመቱን ቁጥር ጎን ለጎን ስታስቀምጡ የልጆቹ ብዛትና የዕድሜ ወሰን ይወጣል። የኬንታኪ የ1790 እና የ1800 ቅጾች ግን የሉም። መፍትሔው ደረጃ 4 ላይ ነው።

ደረጃ 2፦ ስሙን በጆሮ ፈልጉ

ይህን ለእኛ ሰው ማስረዳት አይከብድም። አንዱ "ወርቅነህ" በፓስፖርት፣ በመንጃ ፈቃድና በባንክ ደብተር ሦስት ዓይነት ሆኖ ሲጻፍ አይተናል። የካውንቲው (በግዛት ሥር ያለ፣ እንደ ወረዳ ያለ አስተዳደር) ጸሐፊም የሰማውን ነው የጻፈው። የሊንከን አያት በ1780 የ400 ኤከር የመሬት ማዘዣ ሲሰጠው "ሊንክሆርን" ተብሎ ተጽፏል። "ሊንከን" ብሎ ብቻ የፈለገ ሰው ያንን ወረቀት አያገኘውም። ስለዚህ ስሙን ጮክ ብላችሁ በተለያየ አነጋገር በሉትና ሊጻፍ የሚችልበትን መንገድ ሁሉ ዘርዝሩ።

ከ1752 በፊት ያለ ቀን ካገኛችሁም ተጠንቀቁ። የእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች አዲስ ዓመታቸውን የሚጀምሩት መጋቢት 25 ላይ ነበር። በጥርና በየካቲት ያለ ቀን "1731/2" ተብሎ የሚጻፈው ለዚህ ነው። በሁለት አቆጣጠር ለምንኖር ለእኛ ይህ አዲስ ራስ ምታት አይሆንም።

ደረጃ 3፦ የካውንቲውን ድንበር በዓመቱ እወቁ

መዝገብ የሚቀመጠው ሰነዱ በተጻፈበት ቀን ቦታውን ያስተዳድር በነበረው ካውንቲ ነው። ካውንቲዎች ደግሞ እንደ አሜባ ይከፋፈሉ ነበር። የዛሬዋ ኬንታኪ በ1776 መጨረሻ አንድ ካውንቲ ሆነች። በ1780 ሦስት ሆነች፤ በ1792 ግዛት ስትሆን ዘጠኝ፣ ዛሬ 120። ሰውየው ከጎጆው ሳይነቃነቅ በሦስት በአራት ካውንቲ ሊመዘገብ ይችላል።

ቺካጎ ያለው የኒውቤሪ ቤተ መጻሕፍት የካውንቲ ድንበሮችን ታሪክ በካርታ አዘጋጅቶ በነፃ አስቀምጧል። ቀኑን ስትነግሩት በዚያ ቀን የነበረውን ድንበር ያሳያችኋል። ይህን ካርታ ሳታዩ አንድም መዝገብ አትክፈቱ። እኔ በዚህ ብቻ ብዙ ወራት አጥፍቻለሁ፤ ትክክለኛውን ሰው በተሳሳተ ካውንቲ ስፈልግ።

ደረጃ 4፦ የግብር መዝገብ

ብዙ ሰው የሚዘለው ይህንን ነው፤ እኔ ግን ከቆጠራ በላይ እወደዋለሁ። ቆጠራ በ10 ዓመት አንዴ ነው፤ ግብር ግን በየዓመቱ ነው። የኬንታኪው ግብር ሰብሳቢ ዕድሜው ከ21 በላይ የሆነ ወንድን፣ በባርነት የተያዙ ሰዎችን ቁጥር፣ ፈረሶችን፣ የመሬቱን ስፋት፣ መሬቱ ያለበትን ወንዝ፣ አልፎ ተርፎ መሬቱ መጀመሪያ በማን ስም እንደተያዘ ይጽፋል።

አንድ ስም ሳትዘሉ በየዓመቱ ተከተሉት። ድንገት አዲስ ወጣት ብቅ ካለ 21 ሞልቶታል ማለት ሊሆን ይችላል፤ የልደት ዓመቱን ገመታችሁ። ሰውየው ጠፍቶ በቦታው የሴት ስም ከመጣ ሞቷል፤ ያቺ ሚስቱ ናት ብላችሁ ፈልጉ። ጭራሽ ማንም ከሌለ ምናልባት ተሰዷል። የወንዙ ስም ደግሞ ተመሳሳይ ስም ያላቸውን ሁለት ሰዎች ይለይላችኋል።

ደረጃ 5፦ መሬቱ

እዚህ ጋ ረጋ በሉ።

የድሮ ኬንታኪ መሬት በቨርጂኒያ ሕግ አራት ወረቀት ነበረው። መጀመሪያ ማዘዣ፦ "ይህን ያህል ኤከር የማግኘት መብት አለህ" የሚል። ከዚያ ማስያዣ፦ "እዚህ ቦታ፣ ይህ ጅረት አጠገብ እፈልጋለሁ" ብሎ ማስመዝገብ። ከዚያ ቅየሳ። በመጨረሻ የባለቤትነት ማረጋገጫ። በአራቱ መካከል ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ። አራቱንም ፈልጉ፤ እያንዳንዱ የራሱ ቀንና የራሱ ስሞች አሉት። የኬንታኪ የመሬት ጽሕፈት ቤት ፍራንክፈርት ከተማ ውስጥ ነው፤ መዝገቡን በኢንተርኔት ማየት ይቻላል። የቨርጂኒያ ቤተ መጻሕፍትም እንዲሁ። የቴኔሲ ሰው ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያው መሬት የተሰጠው በሰሜን ካሮላይና ስም ነውና በዚያ በኩል ሂዱ።

የ1779ኙ የቨርጂኒያ ሕግ ከጥር 1 ቀን 1778 በፊት ለሰፈረ ሰው 400 ኤከር፣ በተጨማሪም አጠገቡ ያለ እስከ 1,000 ኤከር ቀድሞ የመግዛት መብት ሰጠ። 400 ኤከር በእኛ አራት ጋሻ ገደማ ነው። ሰፋሪው መብቱን ለማግኘት በኮሚሽን ፊት ቀርቦ በዚህ ዓመት በቆሎ ዘርቻለሁ ወይም ጎጆ ሠርቻለሁ ማለት ነበረበት። እንዲህ ያለ ወረቀት ካገኛችሁ ሰውየው በዚያ ዓመት የት እንደነበር ታወቀ ማለት ነው።

ችግሩ ቅየሳው ነው። ድንበሩ "ከጅረቱ አፍ ካለው ነጭ ኦክ ዛፍ ተነሥቶ፣ ሰሜን 40 ዲግሪ ወደ ምሥራቅ 120 ፖል፣ እስከ ሁለት የሜፕል ዛፎች" እየተባለ ይጻፍ ነበር። ፖል አምስት ሜትር ገደማ ነው። ዛፉ ይወድቃል፣ ጅረቱ ስሙ ይለወጣል። አንዱ ይዞታ በሌላው ላይ ይደረባል። እውቁ መንገድ ከፋች ዳንኤል ቡን ራሱ በዚህ ዓይነት ክርክር መሬቱን አጥቶ በ1799 ወደ ሚዙሪ ሄደ። ፕሬዚዳንት ሊንከንም አባቱ ኬንታኪን የለቀቀው በከፊል በባርነት ምክንያት፣ በዋናነት ግን በመሬት ባለቤትነት ችግር እንደሆነ በ1860 ጽፏል።

ለቤተሰቡ ጉዳት የነበረው ክርክር ለእኛ ግን ሲሳይ ነው። ተከራካሪ ምስክር ያቆማል። ምስክሩም "ሰውየውን ከዚህ ዓመት ጀምሮ አውቀዋለሁ፣ አማቹ ነኝ፣ አብረን ከካሮላይና መጣን" ብሎ ይምላል።

አሁን እርሳስና ባለ ካሬ ወረቀት አምጡና ድንበሩን ሳሉት። አንድ ፖል አንድ ሚሊሜትር በሉ። ከዚያ የጎረቤቶቹን መሬት በሌላ ወረቀት ሳሉና ቆርጣችሁ ግጠሙ። ሲገጥም ደስታው ልዩ ነው። ወንዙን በዛሬ ካርታ ላይ ስታስተካክሉት አያትየው የኖረበትን ኮረብታ ታውቁታላችሁ።

ከኦሃዮ ወንዝ በስተሰሜን ነገሩ ይቀላል። ከ1785ቱ ሕግ በኋላ የፌዴራል መንግሥት መሬቱን በካሬ ቆራረጠው፤ ጎኑ 6 ማይል የሆነ ታውንሺፕ፣ በውስጡ 36 ክፍል፣ እያንዳንዱ 640 ኤከር። የፌዴራሉ የመሬት አስተዳደር ቢሮ ከእነዚህ መሬቶች የወጡ የባለቤትነት ወረቀቶችን በኢንተርኔት በነፃ ያሳያል። ስምና ግዛት ብቻ አስገቡ።

ግን ተጠንቀቁ። ቶማስ ሊንከን ኢንዲያና የገባው በ1816 ነው። በጥቅምት 1817 ቪንሴንስ በሚገኘው የመሬት ቢሮ 160 ኤከር አስያዘ። ከፍሎ መጨረስ ስላልቻለ ግማሹን መልሶ የ80 ኤከር ባለቤትነት ያገኘው በ1827 ነው። የመጨረሻውን ወረቀት ብቻ ያየ ሰው "በ1827 መጣ" ይላል። አሥራ አንድ ዓመት ተሳሳተ።

የእናንተ ሰው ከ1862 በኋላ ወደ ምዕራብ ሜዳ የሄደ ከሆነ ሆምስቴድ በሚባለው ሕግ መሬት የጠየቀበትን ፋይል ከብሔራዊ ቤተ መዛግብት አስወጡ። ያ ሕግ 160 ኤከር ላይ አምስት ዓመት ኖሮ ላለማ ሰው መሬቱን ይሰጥ ነበር። ፋይሉ ውስጥ የቤቱ ስፋት፣ የታረሰው መሬት፣ የጎረቤት ምስክርነት ሁሉ አለ።

ደረጃ 6፦ ሽያጭና ውርስ

የሽያጭ ውል ስታነቡ ዋጋውን እዩ። ጥሩ መሬት በ1 ዶላር ከተሸጠ ገዢው ልጅ ወይም አማች ሊሆን ይችላል። ሚስት ደግሞ በባሏ መሬት ላይ መብት ስለነበራት፣ ዳኛው ለብቻዋ ጠርቶ "ወደሽ ነው?" ብሎ ይጠይቃት ነበር። የሴቶቹ ስም ከወረቀት በሚጠፋበት ዘመን ስሟን የምታገኙት ብዙ ጊዜ እዚያች መስመር ላይ ነው።

ኑዛዜ ካለ ጥሩ። ከሌለ ይበልጥ ጥሩ ሊሆን ይችላል። ሳይናዘዝ የሞተ ሰው ወራሾች መሬቱን ሲሸጡ ሁሉም መፈረም አለባቸው፤ ያገቡ ሴት ልጆችም ከነባሎቻቸው። አንድ ገጽ ላይ መላው ቤተሰብ ይቆማል።

የሟቹን የንብረት ዝርዝርና የጨረታ መዝገብ ሳታነቡ አትለፉ። ስንት ላም፣ ስንት መጥረቢያ፣ የሽመና ዕቃ አለው ወይ፣ መጽሐፍ አለው ወይ። የኑሮው መልክ እዚያ ነው። አንዳንዴ መበለቲቱ የገዛ ድስቷንና አልጋዋን በጨረታ ስትገዛ ታገኟታላችሁ። እኔ መጀመሪያ ሳነበው ወረቀቱን አስቀምጬ ትንሽ ዞር ማለት ነበረብኝ።

የዘመኑን ሕግም እወቁ። የሊንከን አያት በግንቦት 1786 ሲገደል ኑዛዜ ያልተወ ሰው መሬት ለበኩር ልጅ ይሄድ ነበር። ቨርጂኒያ ይህን ሕግ የቀየረችው ከጥር 1787 ጀምሮ ነው። ጥቂት ወራት ቀደመ። መሬቱ ለታላቁ ልጅ ለሞርዴካይ ሆነ፤ የስምንት ዓመቱ ቶማስ ባዶ እጁን አደገ። ይህን ሕግ ሳያውቅ የቶማስን ድህነት የሚያነብ ሰው ስንፍና ይመስለዋል።

ደረጃ 7፦ ጋብቻ በሙሽራዋ አገር

የቶማስ ሊንከንና የናንሲ ሃንክስ የጋብቻ ወረቀት ለረጅም ጊዜ አልተገኘም ነበር። በዚህም ምክንያት ስለ ናንሲ ክፉ ወሬ ተወራ። ሲፈለግ የነበረው ቶማስ በኖረበት በሃርዲን ካውንቲ ነው። የተገኘው ልጃቸው ፕሬዚዳንቱ ከሞተ በኋላ ሌላ ቦታ፣ ናንሲ ባገባችበት በዋሽንግተን ካውንቲ ነው፦ ሰኔ 10 ቀን 1806 የተፈረመ የዋስትና ወረቀትና ሰኔ 12 ማጋባቱን የገለጸ የሰባኪው ዝርዝር። እንደ እኛው ሠርጉ በሙሽራዋ ወገን ነው። ባልየውን እርሱትና የእሷን ቤተሰብ መንደር ፈልጉ።

ዋስ ሆኖ የፈረመውንም እዩት። ብዙ ጊዜ የሙሽራዋ አባት፣ ወንድም ወይም አሳዳጊ ነው። የዋስትና ወረቀት ግን ለማግባት ማሰባቸውን እንጂ መጋባታቸውን አያረጋግጥም። የሰባኪውንም ወረቀት ፈልጉ።

ደረጃ 8፦ የወታደር ጡረታ

ሰውየው አሜሪካ ከእንግሊዝ ጋር ባደረገችው የነፃነት ጦርነት ተዋግቶ እስከ 1832 ከቆየ ዕድለኞች ናችሁ። የዚያ ዓመት ሕግ ቢያንስ ስድስት ወር ላገለገለ ሁሉ ጡረታ ፈቀደ። ሽማግሌው ፍርድ ቤት ቀርቦ የት ተወለድክ፣ ስትዘምት የት ትኖር ነበር፣ ከዚያ ወዲህስ የት የት ኖርክ ተብሎ በመሐላ ይጠየቃል። በሌላ ቦታ የራሱን ድምፅ አትሰሙም፤ እዚህ ትሰማላችሁ። መበለቶች ደግሞ ጋብቻቸውን ለማስረዳት የመጽሐፍ ቅዱሱን ገጽ ቀደው ያስገቡ ነበር፤ እስካሁን ፋይሉ ውስጥ ያለ አለ። ከኅዳር 1800 በፊት የቀረቡ ማመልከቻዎች ግን በጦር ሚኒስቴሩ ቃጠሎ ጠፍተዋል።

ደረጃ 9፦ ጎረቤቶቹ

ሰው ብቻውን ጫካ አይገባም። አማች፣ ወንድም፣ የቤተ ክርስቲያን ወዳጅ አብሮ ይሄዳል። የእናንተ ሰው ከየት እንደመጣ ከጠፋባችሁ ጎረቤቱ፣ ምስክሩ ወይም ዋሱ ከየት እንደመጣ ፈልጉ። አምስት ስሞች ኬንታኪ ውስጥ በአንድ ጅረት፣ ከዚያ በፊትም ሰሜን ካሮላይና ውስጥ በአንድ ጅረት ካገኛችሁ ስድስተኛውም እዚያ አለ።

ይህ ሞክሼዎችን ለመለየትም ይረዳል። እኔ አንድ ጊዜ ከአንድ ዓመት በላይ የሌላ ሰው አያት ተከትያለሁ። ስሙ አንድ፣ ካውንቲው አንድ፣ ዘመኑ አንድ። የለያቸው የሚስታቸው ስምና የወንዛቸው ስም ነው። በኢንተርኔት ላይ ተዘጋጅቶ የሚገኝ የዘር ሐረግን ስለዚህ እንደ ጥቆማ ብቻ ውሰዱት። አንዱ ሲሳሳት ሺዎች ይገለብጣሉ። "አያታችን የቼሮኪ ልዕልት ነበረች" የሚለውንም በብዙ ቤት ትሰሙታላችሁ (ቼሮኪ ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ ነው)፤ ወረቀት እስኪገኝ ድረስ ወሬ ብላችሁ ለብቻው አስቀምጡት።

ደረጃ 10፦ መሬቱ ላይ የነበሩት ሌሎች

"ባዶ ጫካ" የሚለውን አትጻፉ። ኬንታኪ የሾኒና የቼሮኪ ሕዝብ ማደኛና መመላለሻ ነበረች። በመጋቢት 1775 በሲካሞር ሾልስ ነጋዴዎች ከቼሮኪ አለቆች መሬቱን ገዛን ሲሉ፣ ድራጊንግ ካኑ የሚባለው የቼሮኪ ጦር መሪ ስምምነቱን አልቀበልም ብሎ ለዓመታት ተዋጋ። አያትየው "በህንዶች ተጠቃ" የሚል ወረቀት ስታገኙ (ነባሩን ሕዝብ እንዲህ ይሉት ነበር) ይህን አጠገቡ ጻፉ።

በ1790 ከኬንታኪ ነዋሪ ከስድስቱ አንዱ ገደማ በባርነት የተያዘ ነበር። አያትየው በግብር መዝገቡ ላይ ሰው "ንብረት" ሆኖ ተጽፎለት ካገኛችሁ አትሸፍኑት። በኑዛዜውና በንብረት ዝርዝሩ ውስጥ ያሉትን ስሞች አንድም ሳታስቀሩ ገልብጡ። የ1850 እና የ1860 ቆጠራ በባርነት ያሉትን በዕድሜና በጾታ እንጂ በስም አይጽፍም። አብዛኞቹ በቆጠራ በስማቸው የተጻፉት በ1870 ነው። እናንተ የገለበጣችሁት አንድ ስም ለሌላ ቤተሰብ የተዘጋ በር ሊከፍት ይችላል። የልጆቻችሁ አቅኚ ራሱ በባርነት ተይዞ ወደዚያ የተወሰደ ከሆነ ደግሞ መንገዱ ይኸው ነው፤ የባሪያ አሳዳሪውን መሬት፣ ኑዛዜና ሽያጭ እየተከተላችሁ ትሄዳላችሁ።

ስለ ዘረ መል ምርመራ አጭር ነገር። ከስድስትና ከሰባት ትውልድ በፊት ከነበረ ሰው የደረሰን ድርሻ እጅግ ትንሽ ነው፤ ጭራሽ ላይኖርም ይችላል። ወረቀቱ ያሳየውን ለማረጋገጥ ይጠቅማል እንጂ ወረቀቱን አይተካም።

ደረጃ 11፦ ካውንቲው ድረስ ሂዱ

ኢንተርኔት ላይ የወጣው በዋናነት የተጠረዘው መዝገብ ነው። ፋሚሊሰርች አሁን የእጅ ጽሑፉን በኮምፒውተር አንብቦ በውስጡ ያለ ማንኛውንም ስም የሚፈልግ መሣሪያ አለው፤ ለመሬትና ለውርስ መዝገብ ድንቅ ነው፣ ተጠቀሙበት። የየወረቀቱን መጽሐፍና ገጽ ቁጥርም ወዲያው ጻፉ።

ከመሄዳችሁ በፊት ለካውንቲው ጸሐፊ ደውሉና የሆነ ዓመት መዝገብ በእሳት ጠፍቶ እንደሆነ ጠይቁ። ከጠፋ የግዛቱ ቤተ መዛግብት የግብርና የመሬት ቅጂ ሊኖረው ይችላል። ሁለተኛው ጥያቄያችሁ ይህ ይሁን፦ "ያልተጠረዙ የክስ ወረቀቶች የት ናቸው?" እነዚያ ተጣጥፈው በክር የታሰሩ ጥቅሎች ናቸው። ቀስ ብላችሁ ዘርጓቸው፤ ሲደርቁ ይሰበራሉ። እኔ የባለቤቴን ቤተሰብ አቅኚ ያገኘሁት እንደዚያ ካለ ጥቅል ውስጥ ነው። በአንድ የድንበር ክርክር መጨረሻ፣ ስሙን መጻፍ ስለማይችል ያስቀመጠው አንድ መስቀል ነበር። ግራና ቀኙን ስሙን የጻፈለት ሌላ ሰው ነው።